በሰልፍ ላይ የቀረ መራጭ የለም

መስከረም 14

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? በአባቴ ቀብር ከተለያየን አራት ዓመት ሊሞላ ነው። እስካሁን አለመጻፌ ጥፋት ነው። ጥፋቱን እኔ ልውሰድ፣ ጤናውን እርስዎ ይውሰዱ።

እኔ ደህና ነኝ። አሁንም ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ነው የምውለው። ቀኑን ሙሉ ከማላውቀው ሰው መንጋጋ ጋር ስፋጠጥ እውላለሁ። ሰው ሲስቅ መጀመሪያ የማየው ድዱን ሆኗል።

የጻፍኩልዎ ለቁም ነገር ነው። ምርጫ ቦርዱ የእኛን የምርጫ ክልል ከከተማው ጋር ሊያጣምረው አስቧል። ተቃውሞ ያለው እስከ ጥር አምስት በጽሑፍ ያቅርብ ተብሏል። ከከተማው ጋር ከተጣመርን የሚመረጠው የከተማ ሰው ነው፤ የእኛ መንገድና ክሊኒክ የማን ጉዳይ ይሆናል? እዚህ ያለነው የአገር ልጆች ተሰብስበን ተቃውሞውን እኔ እንድጽፍ ተመረጥኩ። ያለ ተፎካካሪ ነው ያሸነፍኩት፤ ሥራውን የፈለገ አልነበረም።

ለዚህ የሰባቱንም ምርጫ ታሪክ እፈልጋለሁ። በተለይ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጣቢያ፣ ቦርዱ አጥብቆ የሚያነሳው እሱን ነውና። ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ሰው መረጠ፣ ማን በስንት አሸነፈ። በሰባቱም ምርጫ ማዶ ጣቢያ በኃላፊነት ተቀምጠው የቆጠሩ እርስዎ ብቻ ነዎት። አገሩ ሁሉ «ቆጣሪው» የሚልዎት በከንቱ አይደለም።

ከሁሉ በላይ አራተኛውን እፈልጋለሁ፤ አባቴ በሰባት ድምፅ የተሸነፈበትን። እስኪሞት ከአፉ ያልወጣ ነገር ነው፤ ለእኔም የተረፈኝ ውርስ እሱ ነው።

አክባሪ ልጅዎ


ጥቅምት 9

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፣

ከነሠራሻቸው ጥርሶች ሁሉ ሰላምሽ ይብዛ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይከራከረኛል እንጂ ደህና ነኝ።

የጠየቅሽውን ፍለጋ ምርጫ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «ቁልፉ ያለው ሰው ሥልጠና ሄዷል» አለችኝ። በሳምንቱ ስመለስ ሰውየው መጥቷል፤ ቁልፉ ግን እሥልጠናው ቦታ ቀርቷል። በሦስተኛው «ማመልከቻ ይጻፉ» ተባልኩ። ጻፍኩ። «ይሄማ ለድሮው ኃላፊ ነው የተጻፈው፤ ከትናንት ወዲያ ተቀይሯል» አሉኝ። ፋይሉ ግን አለ ይላሉ። ላም አለኝ በሰማይ።

ስለዚህ ከራሴ ደብተር ልገልብጥልሽ።

አንደኛው ምርጫ ላይ የነበረው እጩ አንድ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ውጤቱ እስኪነገር ምግብ አልበላም ነበር ይላሉ። ማዶ ከተመዘገበው 740 ሰው 731 መረጠ።

ሁለተኛው ላይ እጩዎቹ ሁለት ሆኑ፤ የአንዱ ምልክት ፋኖስ፣ የሌላው ቁልፍ። ከ812 ሰው 790 መረጠ፤ ፋኖስ አሸነፈ። ያን ቀን አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ሲወጡ ያዝኳቸው። «አባቴ፣ ኮሮጆ ውስጥ ነው የሚከተተው» ብላቸው «ድምፄን ላንተ ጥዬ ልሂድ?» አሉኝ። አሥር ደቂቃ ለመንኳቸው።

ሦስተኛው ላይ ጎርፍ ድልድዩን ስለወሰደው ምርጫው በሳምንት ዘገየ። የእኛ ሰዎች ወገባቸው ድረስ እየራሱ ወንዙን ተሻግረው መጡ። ከ902 ሰው 846። አባትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረ ያኔ ነው። በጠቅላላው ከሁለት ሺህ በላይ ድምፅ ተበለጠና «ለልምምድ ይያዝልኝ» ብሎ ሳቀ። መምህር አይደል፣ ፈተና ወድቆ መድገም ለእሱ ብርቅ አልነበረም።

የአራተኛው ገጽ ቀለሙ ደብዝዞ ማንበብ አቃተኝ። ቢቻልሽ የንባብ መነጽር ላኪልኝ።

ጋሼሽ


ጥቅምት 30

ይድረስ ለጋሼ፣

በጎ ዜናዎን ያሰማኝ። የሽማግሌውን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው እየሳቁ ሥራ ፈቱ። መነጽሩን ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ሁለት ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ለምክንያት እንዳይመች።

ጊዜው እየሄደ ነው። አራተኛውን ቶሎ ይላኩልኝ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ያለውንም አብረው። ተቃውሞውን ጀምሬዋለሁ፤ መሀሉ ግን ባዶ ነው። የፊት ጥርስ የሌለው መንጋጋ ይመስላል።

ልጅዎ


ኅዳር 25

ይድረስ ለልጄ፣

ጤናሽ ይብዛ። መነጽሩ ደርሶኛል፤ ዐይንሽን አይንሳሽ። አሁን ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ስላየሁ እንቅልፍ አጣሁ።

አምስተኛው፦ ማዶ ከ940 ሰው 390 መረጠ። አባትሽ ለመጨረሻ ጊዜ ተወዳድሮ በብዙ ተሸነፈ። ስድስተኛው፦ 212። ሰባተኛው፣ የዛሬ ሁለት ዓመቱ፦ 140። ያን ቀን ከጧቱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ አንድም ሰው አልመጣም። ታዛቢዎቹ ወንበር ላይ እንዳሉ አንቀላፉ፤ እኔ ኮሮጆውን እየጠበቅሁ ዝንብ ስቆጥር ዋልኩ።

የአራተኛው ገጽ አይጥ ነክቶታል። ሰባት ድምፅ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ተፎካካሪው ባለወፍጮው አሸነፈ። ለተቃውሞው ከዚህ በላይ ምን ያደርግልሻል? ያለፈውን ነገር መቆፈር አቧራ ከማስነሳት ሌላ ጥቅም የለውም።

ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ አባርቷል።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ዝናቡ አልጠየቅኩም።

ቦርዱ የማጣመሪያ ምክንያቱን አውጥቷል። ቃል በቃል ልገልብጥልዎ፦ «ነዋሪው፣ በተለይ የማዶው፣ ለውክልና ያለው ፍላጎት ዝቅተኛ መሆኑ በተከታታይ ምርጫዎች ተረጋግጧል።» ማዶ ጣቢያውም ራሱ እንዲዘጋ ሐሳብ ቀርቧል።

አራተኛውንም እዚያው አባሪ ላይ አገኘሁት። አይጥ አልነካውም። ከ915 ሰው 858 መርጧል። ቁጥሮቹን ደርድሬ ዐየኋቸው። 731፣ 790፣ 846፣ 858፤ ከዚያ በአንዴ 390። ወገቡ ድረስ ረጥቦ ወንዝ የተሻገረ ሕዝብ በስድስት ዓመት ውስጥ ምን ነካው?

የቃለ ጉባኤው ቅጂም አለ፣ በእጅዎ የተጻፈው። «ሰዓት ሲደርስ በሰልፍ ላይ የቀረ መራጭ የለም» ይላል።

የማዶዋ አዋላጅ ልጅ እዚህ ናት፤ ከእኔ ሁለት መንገድ አልፎ ነው የምትኖረው። ይህን መስመር ሳነብላት «እናቴ ያን ቀን በሩን ስትደበድብ እጇ አብጦ ነው የመጣችው» አለችኝ።

አባቴን ብጠይቀው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ «የአጎቴ ልጅ አይዋሽም» ነው የሚለው። እሱ የለም። እርስዎን ነው የምጠይቀው። ያን ቀን ማዶ ምን ሆነ?


ጥር 6

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የዘገየሁት ደብዳቤሽን ሳላነብ ቀርቼ አይደለም። አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። መልሱን መጀመሪያ ለቦርዱ ጽፌ ትናንት በመጨረሻው ቀን አስገባሁት። ማኅተም አድርጋ የተቀበለችኝ ያቺው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። አሁን ላንቺ ልጻፍ።

ያን ዕለት ጧት ጣቢያውን ስከፍት የባለወፍጮው ታዛቢ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ የመምህሩ የአጎት ልጅ አይደለህ? ዛሬ እንግዲህ ሥጋ ነው የሚቆጥረው» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገሩ ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። ሰው ሲገባ ሲወጣ የሚያየኝ ይመስለኛል። ለአባትሽ የሚያደላ ነገር እንዳላደርግ ስጠነቀቅ ሰላምታ እንኳ የነፈግሁት ሰው ነበር።

የድንጋይ ካባው ሠራተኞች ሥራ የሚለቁት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አቧራቸውን ሳያራግፉ ሮጠው መጥተው ተሰለፉ። አባትሽ በማታ ትምህርት ማንበብ ያስተማራቸው ናቸው፤ ማንን ሊመርጡ እንደመጡ ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም። ሰልፉ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ።

ሕጉን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሰዓት ሲደርስ ሰልፉ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይመርጣል። ታዛቢው ሰዓቱን ዐየና ቀና ብሎ እኔን ዐየኝ። ቢናገር ይሻል ነበር። ተነሣሁና በሩን ዘጋሁት።

አዋላጇ ስታዋልድ ውላ የመጣች ናት። በሩን በመዳፏ መታችው።

«ቆጣሪው፣ እኔ እኮ ሦስተኛ ነኝ» አለች።

«ሰዓት አልቋል» አልኳት።

«ሲያልቅ እዚሁ ቆሜ ነበር።»

በመስኮት ቆጠርኳቸው፤ ልማድ ነው፣ ሳልቆጥር አላልፍም። አርባ ሦስት ነበሩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ያነበብሽውን መስመር ጻፍኩና ፈረምኩ። የሁሉም ጣቢያ ኮሮጆ ሲደመር አባትሽ በሰባት ድምፅ ተሸነፈ።

ማንም ገንዘብ አልሰጠኝም። ማንም አላስፈራራኝም። ለዘመዱ አደላ እንዳልባል ብዬ ዘመዴንም ሕጉንም በላሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ እኔ ግን ጅቡም ራሴው ነበርኩ።

በማግስቱ ሠራተኞቹ አባትሽ ዘንድ ሄደው ነገሩት። እሱም መጥቶ ጠየቀኝ። «ከሰዓት በኋላ ነው የደረሱት» አልኩት። አመነኝ። ወደ እነሱ ተመልሶ «የአጎቴ ልጅ አይዋሽም፤ ዘግይታችሁ መጥታችሁ አታሳብቡ» አላቸው። ማንበብ ያስተማራቸው ሰው ነው እንዲህ ያላቸው። በአምስተኛው ምርጫ ለምን እንዳልመጡ አሁን ታውቂያለሽ። ሰዉ ምርጫ የጠላ መስሎት ቦርዱ ጽፏል። የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ።

ለቦርዱም ይህንኑ ነው የጻፍኩት፣ ከነስሜ ከነፊርማዬ።

ጋሼሽ


የካቲት 28

ይድረስ ለልጄ፣

ደህና ነሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤ አልደረሰኝም። መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ቦርዱ ጉዳዩን በአዳራሽ ሰማ። ከሦስቱ ሰዎች አንዱ «ሃያ ዓመት ሙሉ የት ነበሩ?» አለኝ። «እዚሁ» አልኩ። አዋላጇ መጥታ መሰከረች። ካባው ከሠሩት ሰዎች አምስቱ ቆመው «ነበርን» አሉ። እሷ ከእኔ ሦስት ወንበር ርቃ ነው የተቀመጠችው።

ውሳኔው ትናንት ተለጠፈ። ማጣመሩ ጸድቋል። «የሕዝብ ብዛት» ነው ምክንያቱ አሁን፤ ፍላጎት የሚለውን ቃል አወጡት። ያን ሁሉ የደከምሽበት ጽሑፍ በአንድ አንቀጽ ታለፈ። ማዶ ጣቢያው ግን አይዘጋም ተብሏል። በኃላፊነት የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ እንዲያ መሆኑ ደግ ነው።

ከመዝገብ ቤት የአራተኛው ፋይል ተገኘ ብለው ላኩብኝ። አሁን ምን ላድርገው።

ጋሼሽ


ሚያዝያ 17

ይድረስ ለጋሼ፣

ደብዳቤዎችዎ ሁለቱም በጊዜያቸው ደርሰውኛል። መንገድ ላይ የጠፋ ነገር የለም።

ሦስት ወር ሙሉ ልጽፍልዎ እየተቀመጥኩ እነሣ ነበር። መጀመሪያ ስድብ ጻፍኩ። ቀደድኩት። ቀጥሎ «ይቅር ብዬዎታለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም ቀደድኩት፤ ውሸት የተጻፈበት ወረቀት በዚህ ቤተሰብ በዝቷል።

ስለ ቦርዱ አንድ ሳምንት ተናደድኩ። ያለቀሰም አለ ከእኛ መሀል። የማያስተኛኝ ግን እሱ አይደለም።

ውጤቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ገበያ ነበር። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ቤት ውስጥ «የአጎቴ ልጅ ካልዋሸ፣ ድምፄን የወሰደው ሌላ ሰው ነው» እያለ ይንጎራደዳል። ባለወፍጮውን ገበያ መሀል አገኘሁትና ፊቱ ቆሜ «የድምፅ ሌባ» አልኩት። ከረጢት ተሸክሞ ነበር። አውርዶ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ፤ ሰዉ ሳቀበት፤ መልሶ ተሸከመውና ሄደ። ስሙ ሆኖ ቀረ። ልጆች ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ እየዘፈኑ ይሮጡ ነበር። ስድስት ዓመት ምክር ቤት ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ አልተናገረም ሲባል «ሌባ ምን አፍ አለው» ብለን ሳቅን። ሲሞትም ከእኛ ቤት ቀብር የሄደ የለም። እርስዎም አልሄዱም።

ሰውየው የሠራው ነገር መወዳደር ብቻ ነበር።

ሚስቱ ወፍጮውን እንደያዘች ናት አሉ። ይህን ደብዳቤ ይዘው ይሂዱና ያንብቡላት። ያንን ቃል ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ያስባሉኝ እርስዎ መሆንዎን፣ ምንም ሳይሸፍኑ። እኔ በዓመት እረፍቴ መጥቼ ደጇ እቆማለሁ። እርስዎ ግን እስከዚያ አይጠብቁ። ሃያ ዓመት ጠብቀዋል።

ልጅዎ


ግንቦት 6

ይድረስ ለልጄ፣

ስለጻፍሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ስላልዋሸሽኝም።

ሐሙስ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የባለወፍጮው ሚስት ዱቄት በዱቄት ሆና ከረጢት ትሰፋለች። ለቁም ነገር እንደመጣሁ ስነግራት ሞተሩን አስጠፋች። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አጉረመረሙ። መነጽሬን አድርጌ መጀመሪያ እኔ ለቦርዱ የጻፍኩትን፣ ቀጥሎ የአንቺን ደብዳቤ አነበብኩላት። መርፌዋን ከረጢቱ ላይ ሰክታ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«ሰባቱን ድምፅ እሱም ሲያሰላው ነበር» አለች። «ካባ ሠራተኞቹ መቅረታቸውን ሰምቷል። እዚያ ምክር ቤት ሄዶ ሲቀመጥ ወንበሩ የሰው እየመሰለው አፉ አልፈታ አለው። ይሄን ለማንም አልነገረም። ማን ያምነዋል ሌባ ከተባለ?»

መነጽሬን አወለቅሁ።

«ልጅቷ ሌባ ያለችው የት ነው?» አለችኝ።

«ገበያ ላይ።»

«ታዲያ እኔ ቤት ምን ታደርጋለህ?» ብላ ሞተሩን አስነሳች።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ጫማ ከሚሸጡበት አጠገብ ከፍ ያለ ድንጋይ አለ፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጡኝ። ያንኑ ማንበብ ጀመርኩ። ሰዉ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይከራከራል። አንዱ ጎረምሳ «አባባ፣ ምርጫው መቼ ነው?» አለኝ። ሌላው «ባለወፍጮው ማን ነበር?» ብሎ ጓደኛውን ሲጠይቅ ሰማሁ፤ እሱም አያውቅም። ሃያ ዓመት የፈራሁት ሰው ሁሉ ወይ ሞቷል፣ ወይ ረስቷል፣ ወይ ገና አልተወለደም ነበር። ቀጠልኩ። አርባ ሦስት የሚለው ላይ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ተጠጉ። አዋላጇን ከመሀላቸው ዐየኋት።

የባለወፍጮው ሚስት ከፊት ቆማ ነበር፣ ከነሥራ ልብሷ፣ እጇን አጣምራ። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ አልተንቀሳቀሰችም።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች። «ድምፅህ ትንሽ ነው። ድገመው።»

አዋላጇ ውሃ አቀበለችኝ። ጠጣሁና ወረቀቱን ዘርግቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ጋሼሽ